ከቴፕ እስከ አውቶማቲክ ሪሊዝ፦ ወላይትኛ በሶፍትዌር ጥቅል ውስጥ

ሊኑክስ በሚሠራባቸው ኮምፒውተሮች ዘንድ አንዲት ትንሽ ፋይል ከሥርዓቱ ጋር ትጓዛለች። የኮምፒውተሩ ባለቤት የቶኪዮ ወይም የቦነስ አይረስ ነዋሪ ይሁን፣ ወላይታ የት እንደሆነች ሰምቶ አይወቅ፣ ፋይሏ ግን ከእርሱ ዘንድ ደርሳለች። በውስጧ የሳምንቱ ቀናት ከእሑድ ጀምሮ ወጋ፣ ሳይኖ፣ ማቆሳኛ፣ አሩዋ፣ ሃሙሳ፣ አርባ፣ ቄራ ተብለው ተመዝግበዋል። ወላይትኛን የመረጠ ሰው በተርሚናሉ ላይ «ዴት» የሚለውን ትእዛዝ ቢጽፍ ማሽኑ የዕለቱን ስም በእነዚህ ቃላት ይነግረዋል። ፋይሏን ገዝቶ የጫናት የለም፤ ወደ እያንዳንዱ አገር ያደረሳትም ሰው የለም። ያደረሳት ኦፕን ሶርስ የሚባሉት፣ ማለትም ምንጫቸው ለሁሉም ክፍት የሆኑ ፕሮግራሞች የሚታሸጉበትና የሚታተሙበት፣ ዛሬ አብዛኛው በማሽን የሚከናወን ሰፊ ሥርዓት ነው። ይህ ቅኝት የዚያን ሥርዓት ዕድገት ከመነሻው እስከ ዛሬ ይከተላል፤ ወላይታ በየዘመኑ የቆመችበትንም ጎን ለጎን ይመለከታል። ዓ.ም. ያልተባለበት ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መነሻው በ1969 በአሜሪካ ቤል ላብስ ውስጥ በኬን ቶምፕሰንና በዴኒስ ሪቺ እጅ የተጀመረው ዩኒክስ ነው። ዩኒክስ ለዓለም ያስተዋወቀው ልማድ ትንንሽ ፕሮግራሞችን መሥራትን ነው፤ እያንዳንዱ አንድ ተግባር ብቻ ይፈጽማል፣ በጽሑፍ ትእዛዝ ይንቀሳቀሳል፣ ውጤቱንም ለሌላው ፕሮግራም ያቀብላል። የኮማንድ ላይን ሶፍትዌር ሁሉ የዚህ ልማድ ልጅ ነው። ማሠራጫው ግን እጅግ አድካሚ ነበር። ምንጩ በማግኔት ቴፕ ይቀዳል፣ በፖስታ ይላካል፤ ተቀባዩም ከራሱ ማሽን ጋር እንዲስማማ እያረመ፣ የቱ ፋይል ከየቱ ቀድሞ መጠናቀር እንዳለበት እያስታወሰ፣ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ይገነባዋል። በ1976 ስቱዋርት ፌልድማን «ሜክ» የተባለውን መሣሪያ ሲሠራ ይህ የግንባታ ቅደም ተከተል ከሰው ጭንቅላት ወጥቶ በፋይል ላይ ሰፈረ። በእኔ ግምት የአውቶሜሽኑ እውነተኛ ልደት ይህ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ በጽሑፍ የሰፈረን የአሠራር ደንብ ማሽን እንዲፈጽመው የማድረግ ጥረት ነው። በ1979 ደግሞ ሰባተኛው የዩኒክስ እትም ብዙ ፋይሎችን በአንድ ጥቅል የሚያስረውን «ታር»ን ይዞ ወጣ። ያ የጥቅል ዓይነት ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

የቀረው መሰናክል ሕጋዊ ነበር። ቅጂ ለማባዛት በየጊዜው ፈቃድ መጠየቅ ካስፈለገ ማሽን ሥራውን ሊረከብ አይችልም፤ ማሽን ፈቃድ አይለምንምና። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 የግኑ ፕሮጀክትን ማወጁ፣ በ1989ም ጂፒኤል የተባለው የፈቃድ ሰነድ መውጣቱ ታላቅ ትርጉም ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ማንም ሰው፣ ማንም ማሽንም፣ ፕሮግራሙን ቀድቶ ለሌላው ሊያሳልፍ እንዲችል ፈቃዱ አስቀድሞ በጥቅሉ ውስጥ ተቀመጠ።

በዚያው ዘመን ወላይታ በሌላ የኅትመት ሥራ ላይ ነበረች። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር ወላይትኛ አንዱ ነበር፤ መማሪያዎቹም በግዕዝ ፊደል ታተሙ። አንድ ትውልድ ቋንቋውን በፊደል ማንበብን ለመደ። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ በኮምፒውተር ፋይል ውስጥ ይገለጣልና። ሲጠቃለል፣ የመጀመሪያው ዘመን የእጅ ዘመን ነው፦ ጥቅልና ፈቃድ ተገኝተዋል፣ የግንባታ ደንብም በጽሑፍ ሰፍሯል፤ አድራሹ ግን ፖስታ ነው።

ሁለተኛው ዘመን ከ1991 ይጀምራል። ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን በዚያ ዓመት ለቀቀ፤ በነሐሴ 1993 ደግሞ ኢያን መርዶክ ሊኑክስን ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር ጠቅልሎ የሚያሠራጨውን ዴቢያንን መሠረተ። የዴቢያን ትልቁ አስተዋጽኦ ጥቅሉ ስለራሱ እንዲናገር ማድረጉ ነው። እያንዳንዱ ፓኬጅ ስሙን፣ የእትም ቁጥሩን፣ ኃላፊውን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለመሥራት የሚያስፈልጉትን ሌሎች ፓኬጆች ይዘረዝራል። በ1999 በወጣው እትም «አፕት» ሲካተት ተጠቃሚው የፕሮግራሙን ስም ብቻ ይጠራል፤ ማሽኑ የሚያስፈልገውን ሁሉ ፈልጎ፣ በቅደም ተከተል አውርዶ ይጭናል። በሌላው ወገን ዓለም አቀፍ ግምጃ ቤቶች ተከፈቱ፦ ለቴክ የኅትመት ሥርዓት ሲታን፣ በ1995 ደግሞ ለፐርል ቋንቋ ሲፓን። አንድ ሰው በአንድ ቦታ ያስቀመጠውን በየአህጉሩ ያሉ ቅጂ ሰርቨሮች በራሳቸው ይገለብጡታል።

ኢትዮጵያውያን ወደዚህ ታሪክ የገቡት በዚሁ ዘመን፣ በአብዛኛው ከውጭ አገር ሆነው ነው። አገር ቤት በይፋ ኢንተርኔት የገባው በ1997 በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን በኩል ነበር። ከዚያ በፊት ግን ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ የግዕዝን ፊደል በላቲን ቁልፎች ብቻ ለመጻፍ የሚያስችል «ሴራ» የተባለ ሥርዓት ቀርጸው ነበር። ጃፓናዊው ታካሃሺ ናኦቶ የግዕዝን ፊደል በኢማክስ ጽሑፍ ማዘጋጃ ውስጥ አስገባ። በሐምቡርግ ብርሃኑ በየነ ከማንፍሬድ ኩድሌክ፣ ከኦላፍ ኩመርና ከዮኸን ሜትሲንገር ጋር ለቴክ የሚሆን የአማርኛ ጥቅል ሠርተው በሲታን አኖሩ። ዳንኤል ያዕቆብ ለግዕዝ ቁጥሮችና ለኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የሚያገለግሉ የፐርል ሞጁሎችን በሲፓን አከታትሎ አሳተመ። በ1999 የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ደንብ የሆነው ዩኒኮድ በ3.0 እትሙ ሲወጣ 345 የግዕዝ ምልክቶችን በመያዙ የፊደሉ ጉዳይ ቋሚ መሠረት አገኘ። እነዚህ ሰዎች የሠሩትን ሥራ አገራችን በሚገባ አልዘከረችውም። ዛሬ በስልካችን በአማርኛ የምንጽፈው እነርሱና መሰሎቻቸው በጊዜው ስለደረሱ ነው።

ወላይታ ግን በእነዚሁ ዓመታት የጽሕፈት ጥያቄዋን በብርቱ ሕመም አለፈች። ከ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ወላይትኛ በላቲን ፊደል የትምህርት ቋንቋ ሆኖ ነበር። ቀጥሎ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች በአንድ የሚያዋህድ «ወጋጎዳ» የተባለ የመማሪያ ቋንቋ ተዘጋጅቶ መጻሕፍቱ ወደ ትምህርት ቤት ሲላኩ ሕዝቡ አልተቀበለውም። በ1992 ዓ.ም. መጀመሪያ በወላይታ ዋና ከተማ በሶዶ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፣ ወላይታም ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ተጠቃሚው ያልመከረበትን ነገር አሳትሞ ማሠራጨት ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ሶዶ በደም ታውቀዋለች። በሁለተኛው ዘመን መደምደሚያ ላይ እንግዲህ ጥቅሎች በመረብ ይጓዛሉ፣ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ቦታ አግኝቷል፣ ወላይትኛ ደግሞ ወደ ላቲን ተሻግሯል።

በ2003 ወደ መነሻችን፣ ወደዚያች ትንሽ ፋይል፣ እንመለሳለን። ጂሊብሲ የሚባለው የግኑ መሠረታዊ ቤተ መጻሕፍት በሊኑክስ ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞች የሚደገፉበት ምሰሶ ነው። ከእርሱ ጋር ለየቋንቋውና ለየአገሩ የተዘጋጁ የልማድ ፋይሎች ይጓዛሉ፦ የቀናትና የወራት ስም፣ የገንዘብ ምልክት፣ የቁጥር አጻጻፍ፣ የፊደል ተራ። በዳንኤል ያዕቆብ የሚመራው የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ለአማርኛ፣ ለትግርኛ፣ ለግዕዝ፣ ለሲዳምኛ፣ ለብሊንና ለሌሎችም የቀጠናው ቋንቋዎች እነዚህን ፋይሎች አዘጋጅቶ አበረከተ። ወላይትኛም «ዋል-ኢቲ» በሚል የፋይል ስም ከእነርሱ ጋር ገባ።

ፋይሏ የምትነግረን ብዙ ነው። የቀናቱ ስሞች ወላይትኛ ናቸው፤ ከቀትር በፊትና በኋላ ያለው ሰዓትም ማለዶና ቃማ ተብሎ ይለያል። ወራቱ ግን ጃንዩወሪና ፌብሩወሪ እየተባሉ የሚሄዱ የአውሮፓ ወራት ናቸው። ሁሉም የተጻፈው ደግሞ በግዕዝ ፊደል ነው፤ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ትውልድ በሚያነበው ፊደል ማለት ነው። በዚያ ዓመት አንደኛ ክፍል የገባ የሶዶ ልጅ የሚማረው በላቲን ነበር። ስለዚህ ፋይሏ ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤቱ ጋር ሳትገናኝ ኖራለች። ይህን የምለው አዘጋጆቹን ለመውቀስ አይደለም። ማንም ባልነበረበት ቦታ ቋንቋውን ስም ሰጥተው ያስመዘገቡት እነርሱ ናቸው፤ ውለታቸው ከባድ ነው።

የሚያስደንቀው ከገባች በኋላ የሆነው ነው። የዴቢያን የግንባታ ሰርቨሮች አዲስ ምንጭ ሲመጣ ያለ ሰው ትእዛዝ ይነሣሉ፤ ጥቅሉን ለየፕሮሰሰሩ ዓይነት ለብቻ ለብቻ ይገነባሉ፤ ውጤቱንም ወደ ግምጃ ቤቱ ይልካሉ። እንደ ዴቢያን ሊኑክስን የሚያሠራጩት ፌዶራና ኡቡንቱም የየራሳቸው ተመሳሳይ ሥርዓት አላቸው። ይህ ሁሉ ማሽን ባለፉት ከሃያ የሚበልጡ ዓመታት ውስጥ የወላይታን ቀናት ስም ደጋግሞ አሽጎ ደጋግሞ አሳትሟል። ከ60 ሺህ በላይ ፓኬጆችን የሚይዘው ዴቢያን ለዚህች ፋይል የሚያወጣው ተጨማሪ ድካም ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ማሽኑ ግን የጠራውንም ሆነ የተሳሳተውን በእኩል ታማኝነት ያደርሳል። ለማረም የሚነሣው የቋንቋው ባለቤት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ዘመን አውቶሜሽንን ከትልልቅ ድርጅቶችና ከዴቢያን መሰል ማኅበራት አውጥቶ በግለሰብ ፕሮግራመር እጅ አስገባው። የፓይተን ግምጃ ቤት ፓይፒአይ በ2003፣ የምንጭ ማኖሪያው ጊትሃብ በ2008፣ ለማክ ኮምፒውተሮች የተሠራው ሆምብሩ በ2009፣ የጃቫስክሪፕቱ ኤንፒኤም በ2010 ግድም ተከታትለው መጡ። በ2011 ትራቪስ ሲአይ የክፍት ምንጭ ፕሮጀክቶችን በነጻ እየፈተሸ መገንባት ጀመረ፤ በ2019 ደግሞ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ጊትሃብ አክሽንስ ለሁሉም ተከፈተ። «ጎ» በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚጽፉ ሰዎች ፕሮግራምን አሽጎ የሚያትመውን ጎሪሊዘርን አገኙ፤ የእትም ቁጥርም በሦስት ክፍል የሚጻፍበት ደንብ ተስፋፋ፤ የመጀመሪያው ነባሩን አሠራር የሚያፈርስ ለውጥን፣ ሁለተኛው አዲስ ችሎታን፣ ሦስተኛው እርማትን ያመለክታል።

አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ። ፕሮግራመሩ ሥራው ሲደርስለት በምንጩ ላይ የእትም ቁጥር ምልክት ያኖርና ይልካል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሩቅ ያለ ሰርቨር ይረከበዋል፦ ፕሮግራሙን ይፈትሻል፣ ፈተናው ካለፈ ለሊኑክስ፣ ለዊንዶውስና ለማክ፣ ለኢንቴል መሰልና ለአርም ፕሮሰሰሮች ለየብቻ ይገነባል፤ ከፈቃዱና ከመመሪያው ጋር ያሽጋል፣ የእያንዳንዱን ጥቅል የማረጋገጫ ቁጥር ያሰላል፣ ይፈርማል፣ ያትማል፤ በመጨረሻም አዲስ እትም መውጣቱን ለሆምብሩና ለሌሎቹ ግምጃ ቤቶች ያሳውቃል። ቀድሞ ቀናት የሚፈጅና በአንድ ሰው ድካም ሳቢያ ስሕተት የማያጣው ሥራ በደቂቃዎች ያልቃል።

ይህ ለውጥ ከሲሊከን ቫሊ ነዋሪ ይልቅ ለሶዶ ተማሪ የሚበልጥ ትርጉም አለው ብዬ አምናለሁ። ለማክ የሚሆን ፕሮግራም ለመገንባት ማክ መግዛት አያስፈልገውም። ለግንባታ የሚያስፈልጉት በመቶ ሜጋባይት የሚቆጠሩ መሣሪያዎች የሚወርዱት እዚያው በሩቁ የመረጃ ማዕከል ውስጥ ነው፤ ከተማሪው የሞባይል ዳታ የሚቆረጠው የጻፋቸውን ጥቂት ኪሎባይት መስመሮች መላኪያ ብቻ ነው። መብራት ቢጠፋበት ግንባታው አይቋረጥም። ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቅ ከተማ ውስጥ ተቀምጦ፣ በዋና ከተማው ካለ ባለሙያ ጋር በዚህ ረገድ እኩል ይቆማል።

በዚህ ዘመን ለአገራችን ቋንቋዎች የሚያገለግሉ መሣሪያዎችም በርክተዋል። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ማይክል ጋሰር የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃላት እስከ ሥራቸው የሚተነትነውን ሆርንሞርፎ በፓይተን ሠርቶ በክፍት ምንጭ አወጣ። በ2017 ምንጩ የተከፈተው ኪማን የተባለው የቁልፍ ሰሌዳ ሥርዓት ደግሞ ለቅኝታችን ግሩም ምሳሌ ነው፤ ከየአገሩ የሚመጡ የቁልፍ ሰሌዳዎች፣ የግዕዝ ፍሮንቲየር ሰሌዳዎችም ጭምር፣ በአንድ የጋራ ማኅደር ይቀመጣሉ፤ በማሽን ተገንብተውና ተፈትሸው ለስልክም ለኮምፒውተርም ይታተማሉ። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የሚያሰሉ ጥቅሎችም በፓይፒአይና በኤንፒኤም ይገኛሉ።

ከምቾቱ ጋር ግን አደጋ ገብቷል። ኬን ቶምፕሰን በ1983 የቱሪንግ ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ ምንጩን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረው አጠናቃሪ ራሱ ከተበከለ ንጹሕ ምንጭ እንኳ የተመረዘ ፕሮግራም ሊሰጥ እንደሚችል አሳይቶ ነበር። በመጋቢት 2016 «ሌፍት-ፓድ» የተባለች የጥቂት መስመር ጥቅል ከኤንፒኤም ስትነሣ በእርሷ ላይ የቆሙ እጅግ ብዙ ፕሮጀክቶች በአንድ ቀን መገንባት አቃታቸው። ከሁሉ የከፋው በመጋቢት 2024 የታወቀው የኤክስዚ ጉዳይ ነው። ኤክስዚ ፋይል የሚያሳንስ የኮማንድ ላይን መሣሪያ ሲሆን ለረጅም ጊዜ አንድ በጎ ፈቃደኛ ብቻውን ተሸክሞት ኖሯል። ጂያ ታን በሚል ስም የቀረበ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትዕግሥት እየረዳ እምነት አተረፈና የእትም ኃላፊነቱን ተረከበ። ከዚያም በ5.6.0 እና በ5.6.1 እትሞች ውስጥ የጓሮ በር ቀበረ። ማንም ሊያነበው የሚችለው ምንጭ በከፊል ንጹሕ ነበር፤ መርዙን የሚያነቃው የግንባታ ደንብ የተሰወረው በእጅ ታሽጎ በወጣው የእትሙ ጥቅል ውስጥ ብቻ ነው። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ወደ ሰርቨር የመግቢያ ጊዜ በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አሳስቦት ሲመረምር ባያገኘው ኖሮ ወደ ዋናዎቹ የሊኑክስ እትሞች ይዘልቅ ነበር።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ በምንጩና በጥቅሉ መካከል ሰው ብቻ የሚያየው ክፍተት ሊኖር አይገባም። ከ2013 ጀምሮ በዴቢያን የተስፋፋው እንቅስቃሴ ያንኑ ምንጭ ሁለት ሰዎች በተለያየ ቦታ ቢገነቡት ባይት ለባይት አንድ ዓይነት ጥቅል እንዲወጣ ይጥራል። ፓይፒአይም በ2023 ጥቅሉን የሚያትመው ሰርቨር በቋሚ የይለፍ ቃል ሳይሆን በአጭር ጊዜ ማረጋገጫ ማንነቱን የሚያስመሰክርበትን አሠራር ጀመረ። ሌላም ሥጋት አለ። ለሁሉም በነጻ የሚገነቡት ሰርቨሮች የኩባንያ ንብረት ናቸው። ትራቪስ በ2020 መጨረሻ ነጻ አገልግሎቱን ሲያጠብ ፕሮጀክቶች ጓዛቸውን ጠቅልለው መሰደድ ነበረባቸው። በዚያው ዓመት ከሰኔ 30 ጀምሮ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋ ደግሞ ግምጃ ቤቶቹ ሁሉ ከእኛ ራቁ። የጥቅሎቹን ቅጂ በአገር ውስጥ ማኖር የቅንጦት ጉዳይ አለመሆኑን ያ ወቅት አሳይቷል፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችንን የሚያገናኘው ኢተርኔት የተባለው የትምህርትና ምርምር መረብ ለዚህ የተመቸ ቦታ ይመስለኛል።

የዛሬዋ ሶዶ ከ2003ቱ እጅግ ትለያለች። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ተከፍቶ ኮምፒውተር ሳይንስና ተዛማጅ ሙያዎችን ያስተምራል። ከተማዋ በነሐሴ 2023 ለተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። በሐምሌ 2024 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብርም የፕሮግራም ትምህርትን በመላ አገሪቱ ከፍቷል። እንዲህ ያሉ መርሐ ግብሮች ድረ ገጽና የስልክ መተግበሪያ መሥራትን ያስተምራሉ፤ የሠሩትን አሽጎ፣ ፈርሞ፣ በእትም ቁጥር ለዓለም ማቅረብን ግን ከዋናው ትምህርት እኩል ሊያስተምሩ ይገባል። ያልታተመ ፕሮግራም ከጻፈው ሰው ኮምፒውተር ጋር ይሞታል።

ለመጀመሪያ ልምምድ «ዋል-ኢቲ» ራሷ ትበቃለች። ቋንቋውን የሚያጠኑ ምሁራን፣ መምህራንና የዞኑ ትምህርት ባለሙያዎች አስቀድመው መምከር አለባቸው፤ የግዕዙ ፋይል እንዳለ ይቆይና የላቲኑ ይታከል ወይስ ዋናው የላቲኑ ይሁን፣ ወራቱስ በምን ስም ይጠሩ የሚለው የእነርሱ ውሳኔ ነው፤ ከወጋጎዳ በኋላ ይህን ምክክር መዝለል አይቻልም። ውሳኔው ሲጸና የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች መረጃውን የዩኒኮድ ኮንሶርሽየም ለሚያስተዳድረው የቋንቋዎች ማኅደር ለሲኤልዲአር ያቀርባሉ፤ ፋይሉን ደግሞ አርመው ለጂሊብሲ ጠባቂዎች ይልካሉ። ጂሊብሲ በየዓመቱ በየካቲትና በነሐሴ አዲስ እትም ያወጣል። ፌዶራና ኡቡንቱ በየስድስት ወሩ፣ ዴቢያን በየሁለት ዓመቱ ግድም ይከተላሉ፤ እስከዚያ ድረስ የግንባታ ሰርቨሮቹ የ2003ቱን ፋይል ማሸጋቸውን ይቀጥላሉ።